የወርቁ ጉድጓድና የከሰሉ እሳት

መብራት ሲጠፋ በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ከየክፍሉ ይሰማል፤ ቀጥሎ እናት ሻማው የት እንደ ተቀመጠ ትጠይቃለች፤ ልጆች በጨለማው ይሣሣቃሉ። ከዚያም አንዱ ወደ ደጅ ወጥቶ የጎረቤትም ጠፍቶ እንደ ሆነ ያያል። የጎረቤትም ጠፍቶ ከተገኘ ልባችን ትንሽ ይረጋጋል፤ መከራው የጋራ ነውና። እጅግ ቢከፋ ወጡ ሳይሞቅ ይበላል፥ ስልኩም ሳይሞላ ያድራል።

ነገር ግን መብራት የጠፋበት ሰው የቆመው ከምድር በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ወርዶ ቢሆንስ? ለእርሱ ኤሌክትሪክ ማለት አምፑል ብቻ አይደለም። የሚተነፍሰውን አየር ከላይ ወደ ታች የሚገፋለት ኤሌክትሪክ ነው። ከእግሩ ሥር የሚመነጨውን ውሃ ስቦ የሚያወጣለት ኤሌክትሪክ ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ልጆቹ የሚመልሰውን አሳንሰር የሚጎትተውም ይኸው ኤሌክትሪክ ነው። አምፑሉማ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ ሠራተኛው በቆቡ ላይ በባትሪ የሚበራ ፋኖስ አለው።

ይህን የምንለው ለጨዋታ ያህል አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።) በደቡብ አፍሪቃ ፍሪ ስቴት በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ ቤያትሪክስ በሚባል የወርቅ ማዕድን፥ በጃንዋሪ 31 ቀን 2018 ሌሊት ከባድ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ወደ ማዕድኑ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መስመር ጣለው። በዚያች ሰዓት የሌሊት ተረኛ የነበሩ 955 ሰዎች ከምድር በታች ነበሩ። አሳንሰሩ ቆመ። ለመጠባበቂያ የተዘጋጀውም ጄኔሬተር ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። ሰዎቹ ከአንድ ቀን በላይ እዚያው ታች ቈዩ፤ ዘመዶቻቸውም በማዕድኑ በር ተሰብስበው ይጠብቁ ጀመር። በሦስተኛው ቀን፥ ማለትም በፌብሩዋሪ 2 ማለዳ፥ መስመሩ ተጠግኖ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ከመካከላቸው ውሃ የጠማቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበሩ፤ የሞተ ግን አልነበረም።

ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ እኛ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርን። በዚያን ጊዜ የገረመን አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ወርቅ የሚያወጣ ሀብታም ኩባኒያ የሰዎቹን ነፍስ ከሩቅ በሚመጣ አንድ ሽቦ ላይ እንዴት ሊያንጠለጥል ቻለ የሚል ነው። መልሱን ያገኘነው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን በኋላ፥ የዚያን አገር የማዕድንና የኤሌክትሪክ ታሪክ ማንበብ በጀመርን ጊዜ ነው። ነገሩ የጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ሲጀመርም ሽቦ አልነበረም። የነበረው ከሰል ነው።

ጆሃንስበርግ ዛሬ በቆመበት ከፍተኛ ሜዳ፥ ዊትዋተርስራንድ በሚባለው ጋራ ላይ፥ ወርቅ የተገኘው በ1886 ነው። ወርቅ ሲባል ግን በወንዝ ዳር እንደሚታጠበው ዐይነት ፍንጣሪ የሚታይ መስሎን እንዳንሳሳት። የራንድ ወርቅ በጠጠር ድንጋይ ውስጥ እንደ ዱቄት ተበትኖ በዐይን የማይታይ ነው። አንድ ቶን ድንጋይ ተፈንቅሎ፥ ተጎትቶ፥ ተፈጭቶ የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። በዚህም ላይ ወርቅ ያዘለው ንብርብር ወደ ደቡብ እያዘመመ ወደ መሬት ሆድ ይገባል፤ ሰውም እየተከተለው ከዓመት ወደ ዓመት ጠለቀ። ስለዚህ በራንድ ወርቅ ማውጣት ማለት በመሠረቱ ጉልበት ማግኘት ማለት ነበር። የሚፈጨው ድንጋይ ተራራ ያህላል፤ የሰው ክንድ አይችለውም። በዚያ ሜዳ ላይ የሚነድ ዛፍ እንኳ አልነበረም፤ ሣር ብቻ ነበር።

ዕድል ሆነና በ1888 ገደማ ከወርቁ አጠገብ፥ ቦክስበርግ በሚባለው ሰፈር፥ የድንጋይ ከሰል ተገኘ። በ1890 ከጆሃንስበርግ እስከ ቦክስበርግ ሐዲድ ተዘረጋ። የሚጎትተው ባቡር ሆኖ ሳለ ስሙን «የራንድ ትራም» አሉት፤ ምክንያቱም ዕቃ በበሬ ሠረገላ በማመላለስ የሚኖሩት ቦየሮች ባቡር የሚባለውን ነገር አይወዱትም ነበርና ፕሬዚዳንት ክሩገር እነርሱን ላለማስቀየም ነው ይባላል። ስም መለወጥ የፖለቲካ ጥንታዊ መድኃኒት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ትራም ቢባልም ባቡር ቢባልም የተሸከመው ከሰል ነበር፤ ያለ ከሰሉ የወርቁ ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ ሜዳ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ማዕድን የራሱ የእንፋሎት ሞተር፥ የራሱ ቦይለር፥ የራሱ ጭስ ማውጫ ነበረው። ይህም እያንዳንዱ ቤት የራሱን ወፍጮ እንደሚተክል ያህል ነው፤ ብዙ ወጪ፥ ብዙ ብክነት። በ1906 አንድ ኩባኒያ ተቋቋመና ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አለኝ አለ። የኩባኒያው ስም «የቪክቶሪያ ፏፏቴ የኃይል ኩባኒያ» ነው። ሐሳቡም በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ካለው ታላቅ ፏፏቴ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ በሽቦ እስከ ራንድ ማዕድኖች ማምጣት ነበር።

ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ነገር ግን ከፏፏቴው እስከ ጆሃንስበርግ በአየር እንኳ ቢለካ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክን ያን ያህል ርቀት መላክ የቻለ አልነበረም፤ ቢቻል እንኳ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ኃይልና የሽቦው ዋጋ ከሰሉን ርካሽ ያደርገዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሒሳቡን ሠርተው ፏፏቴውን ተዉት። ኩባኒያው ግን ስሙን አልተወም። በ1909 «የቪክቶሪያ ፏፏቴና ትራንስቫል የኃይል ኩባኒያ» ተብሎ የፏፏቴውን ስም እንደ ተሸከመ፥ አንዲት ጠብታ ፏፏቴ ሳይነካ፥ ከሰል እያነደደ ከዓለም ታላላቅ የኤሌክትሪክ ኩባኒያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ብቻችንን ስቀናል።

የማመንጫዎቹ ስም ብራክፓን፥ ሲመርፓን፥ ሮሸርቪልና ፈሪኒኺንግ ነው፤ የመጀመሪያው በ1908፥ የመጨረሻው በ1912 ሥራ ጀመሩ። መኪናው በአብዛኛው ከጀርመን አገር የመጣ ነበር። ከ1909 ጀምሮ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የመራቸው በርናርድ ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቦታዎቹን ሲመርጡ ትልቁ ችግር ከሰል ሳይሆን ውሃ ነበር። በከሰል የሚሠራ ማመንጫ ከእሳቱ ይልቅ የሚጠማው ውሃው ነው ቢባል ለማያውቅ ሰው ይገርመው ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ በቦይለሩ ሥር ይነዳል፤ በቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ በኃይል እየተወረወረ የተርባይኑን ምላሶች ይገፋል፤ ተርባይኑ ዲናሞውን ያሽከረክራል፤ ኤሌክትሪኩ ከዚያ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይገምተዋል። ነገር ግን እንፋሎቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቀዝቅዞ ወደ ውሃነት ካልተመለሰ ተርባይኑ ጉልበቱን ያጣል። ማቀዝቀዣውም ሌላ ብዙ ውሃ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለን ይህንኑ ሕግ በሰሌዳ ላይ በፊደልና በቍጥር ተጽፎ ተምረነዋል፤ ፈተናም አልፈንበታል፤ ከከሰሉ ሙቀት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል በጭስ ማውጫና በማቀዝቀዣ ውሃ ተበትኖ የሚቀር መሆኑን ግን ከልባችን ያወቅነው የማመንጫዎቹ ሥዕል ላይ ግዙፍ የማቀዝቀዣ ግንቦችን አይተን «ይህ ሁሉ ለምን?» ብለን በጠየቅን ጊዜ ነው። ራንድ የውሃ መክፈያ ጋራ ስለ ሆነ ትልቅ ወንዝ የለበትም። ስለዚህ ብራክፓንና ሲመርፓን በኩሬ ዳር ተተከሉ፤ «ፓን» የሚለው የስማቸው መጨረሻ ይኸው ኩሬው ነው። ፈሪኒኺንግ ግን በቫል ወንዝ ዳር፥ ከከሰሉ ጉድጓድ አጠገብ ተሠራና ውሃውንም ከሰሉንም በአንድ ስፍራ አገኘ።

ማዕድኖቹ ለኤሌክትሪክ ኩባኒያው የተመረጡ ደንበኞች ነበሩ። የከተማ ሰው ማታ አብርቶ ሌሊት ያጠፋል፤ ማመንጫውም ሌሊቱን በከንቱ ይቆማል። ማዕድን ግን ሌሊትና ቀን አይለይም። ድንጋይ መፍጫው ሲያጓራ ያድራል፤ ፓምፑ ሲስብ ያድራል። በዚህ ምክንያት የራንድ ማመንጫዎች ዓመቱን በሙሉ ሳያርፉ በመሥራት በዓለም የታወቁ ሆኑ፤ የኤሌክትሪኩም ዋጋ ረከሰ። ዕረፍት ቢባል እሑድ ብቻ ነበረች፤ በሕጉ መሠረት በእሑድ ወርቅ መቈፈር ክልክል ነበርና። የሚገርመው ግን በእሑድም ቢሆን ቦይለሩ አይጠፋም። ቈፋሪው ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ውሃው አብሮት አይሄድም፤ ፓምፑ ካልሳበው ሰኞ ጠዋት ጉድጓዱ ሐይቅ ሆኖ ይገኛል።

ኩባኒያው የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ብቻ አልነበረም። አየርም ይሸጥ ነበር። ከሮሸርቪል የሚነሣው የታመቀ አየር በትልልቅ ቧንቧ እየሄደ ለብዙ ማዕድኖች ይከፋፈልና እንደ ውሃ ቈጣሪ በሚመስል መለኪያ ተለክቶ ይከፈልበት ነበር። ይህ የታመቀ አየር ታች ያለውን የድንጋይ መብሻ መኪና ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በፊት ሰው በመዶሻና በብረት ሲበሳ የሚውለውን መኪናው በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

ነገር ግን መኪናው ሲበሳ የሚነሣው አቧራ ከመዶሻው አቧራ እጅግ የደቀቀ ነበር። ያ ድንጋይ ደግሞ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያለ ነው። ሠራተኛው ይተነፍሰዋል፤ አቧራውም በሳንባው ውስጥ ተቀምጦ ሳንባውን ያደርቀዋል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። መድኃኒት የለውም። በኋላ ውሃ እየረጩ መብሳት በሕግ ታዘዘ፤ ይህም በሽታውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ከሞዛምቢክ፥ ከሌሶቶ፥ ከማላዊ በውል እየመጡ በታጠረ ግቢ ሲኖሩ የነበሩት ጥቍር ሠራተኞች ውላቸው ሲያልቅ ወደየመንደራቸው ይመለሱና እዚያ እየሳሉ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ የቀረበው ታላቅ ክስ የተቋጨው በ2019 ነው፤ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢያንስ 5 ቢሊዮን ራንድ የሚከፈልበትን ስምምነት በጁላይ ወር አጸደቀ። ካሣውን ሳያዩ የሞቱት ብዙዎች ናቸው። የሮሸርቪል መሐንዲሶች ይህን አስበው አልነበረም፤ እነርሱ ያሰቡት አየሩ በቧንቧው ውስጥ እንዳይባክን ነበር። እንዲህም ሆኖ ጠባቂ የሌለው ሰው ጤና በዚያው ቧንቧ ጫፍ ላይ መባከኑን ማለፍ አንችልም።

ኃይል በአንድ እጅ ሲሰበሰብ አንዱ እጅ ቢታጠፍ ሁሉ እንደሚቆም ሠራተኞቹም ዐወቁት። በጃንዋሪ 1922 ነጮቹ የማዕድን ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራተኞችም አብረው አቆሙ። መንግሥት ነገሩን በመድፍና በአይሮፕላን አበረደው። በተከታዩ ዓመት በማርች 1923 ኤስኮም የሚባለው የመንግሥት ኤሌክትሪክ ድርጅት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሄንድሪክ ፋን ደር ቤይል የፕሪቶሪያ ተወላጅ ሆኖ በአሜሪካ በሳይንስ ምርምር ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር። በ1948 ኤስኮም የፏፏቴውን ኩባኒያ ጠቅልሎ ገዛው። ከዚያ ወዲያ ወርቁና ከሰሉ የተሳሰሩበት ገመድ በመንግሥት እጅ ገባ።

በዚህ መካከል ጉድጓዶቹ እየጠለቁ ሄዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር፥ ሦስት ኪሎ ሜትር፥ በኋላም ምፖኔንግ በሚባለው ማዕድን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተደረሰ። ከእንጦጦ ራስ እስከ መርካቶ ያለው የቁልቁለት ልዩነት ስንት ጊዜ ቢደራረብ ይህን እንደሚያህል አንባቢ ይገምተው። በዚያ ጥልቀት የዐለቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። እጅን ቢያሳርፉበት ያቃጥላል። ሰው እንዲሠራበት ከላይ በረዶ ይሠራና በቧንቧ ወደ ታች ይላካል፤ ታላላቅ ማራገቢያዎችም የቀዘቀዘውን አየር ይገፋሉ። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቢያስብ ነገሩ ያስደንቀዋል፤ ይህን በረዶ የሚሠራው የከሰል እሳት ነው። በሩቅ አገር ቦይለር ውስጥ አንድ ሺህ ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት የነደደ ከሰል ታች ላለው ሰው ብርድ ሆኖ ይደርሰዋል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት ግማሽ ኪሎ ያህል ከሰል ያስፈልጋል ብለን ብናስብ፥ እንዲህ ያለ አንድ ማዕድን በአንድ ሌሊት የሚበላው ከሰል በጭነት መኪና አይቈጠርም፤ በባቡር ፉርጎ ነው።

ኤሌክትሪክ የሰው ነፍስ ያዳነበትንም ቀን መናገር ይገባል። በኦክቶበር 1968 ዌስት ድሪፎንታይን በሚባለው ማዕድን፥ በዓለም እጅግ ሀብታም ከነበሩት በአንዱ፥ ውሃ እንደ ወንዝ ገባ። የሚገባው ውሃ ፓምፖቹ ከሚያወጡት እጅግ ይበልጥ ነበር። ቢሆንም ፓምፖቹ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጡ እየሳቡ ጊዜ ገዙ፤ በዚያም ጊዜ ሠራተኞቹ ሁሉ ወጡ፤ መሐንዲሶቹም ከሦስት ሳምንት ያህል ትግል በኋላ ውሃው የሚመጣባቸውን መተላለፊያዎች በሲሚንቶ ደፈኑ። አንድም ሰው አልሞተም። በእነዚያ ሳምንታት ኃይሉ ለጥቂት ሰዓት ቢቋረጥ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ኃይሉ ባይገኝስ? ይህ ጥያቄ በ2008 መጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦክቶበር 2007 ኤላንድስራንድ በሚባል ማዕድን የታመቀ አየር ቧንቧ ተሰብሮ በዋናው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና የአሳንሰሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ቈረጠ፤ 3,200 ሰዎች ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች ቀሩ። በሌላ ትንሽ አሳንሰር እየተመላለሱ ሁሉም በደኅና ወጡ። ያ አደጋ የአንድ ማዕድን ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2008 ግን ኤስኮም ራሱ ለማዕድኖቹ የማያቋርጥ ኃይል ለመስጠት ዋስ መሆን አልችልም አለ። በጃንዋሪ 25 ቀን ታላላቆቹ የወርቅ ኩባኒያዎች ሥራ አቆሙ፤ ለአምስት ቀን ያህልም ቈፋሪ ወደ ታች አልወረደም። ለምን ቢባል ምክንያታቸው አጭር ነበር፤ ሰው ከወረደ በኋላ ኃይል ቢቋረጥ የሚያወጣው ነገር የለምና።

የችግሩ ሥር አንድ አልነበረም። የከሰሉ ክምችት ቀንሶ ነበር፤ የቀረውም በብዙ ዝናብ ርሶ ነበር፤ የረጠበ ከሰል ደግሞ ወፍጮውን ይደፍናል እንጂ በወጉ አይነድም። ጥገናም ተጓትቶ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አዲስ ማመንጫ በጊዜው አልተሠራም። በ1998 የራሱ የመንግሥት ሰነድ ኃይሉ በ2007 ገደማ እንደማይበቃ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። የጻፈውን ራሱ ያላነበበ መንግሥት ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በ2007 መጨረሻ ኤስኮም ልክ ነበር፥ የተሳሳትነው እኛ ነን ብለው በአደባባይ ይቅርታ መጠየቃቸውን ለማስታወስ እንወዳለን። እንዲህ ያለ ቃል ከባለ ሥልጣን አፍ በብዙ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ የማዕድን ኩባኒያዎች ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረዋል። ሳውዝ ዲፕ የሚባለው የወርቅ ማዕድን በ2022 በ50 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መልካም ነው። ዳሩ ግን ፀሐይ ማታ ትገባለች፤ የሌሊት ተረኛውን የሚያወጣው አሳንሰር ግን ሌሊትም መሥራት አለበት። የከሰሉን ክፋት የሚያውቁትም ሰዎች፥ ለምሳሌ ስሙ ራሱ «የከሰል ስፍራ» ማለት በሆነው በኤማላህሌኒ ከተማ ጭሱን የሚተነፍሱት፥ እንጀራቸው ያለው በዚያው ከሰል ላይ ነው። ይህን ቋጠሮ በአንድ ጽሑፍ የሚፈታ ሰው ካለ እኛ አይደለንም።

በ2023 ዘመድ ለመጠየቅ ጆሃንስበርግ ሄደን ነበር። ያ ዓመት በዚያ አገር የመብራት ፈረቃ እጅግ የከፋበት ነው። የአገራችን ሰዎች ብዙ ሱቆች ያሉዋቸው ጄፒ የሚባለው መንገድ አለ፤ ቡናው ይቈላል፥ እንጀራው ይሸጣል፥ ከየፎቁ አማርኛና ሀዲይኛ ይሰማል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስና ጃኬት ከሚሸጡ አንድ የሆሳዕና ሰው ሱቅ ተቀምጠን ሳለ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሮች በየደረጃው ሥር ማጓራት ጀመሩ። ሰውየው የእጅ ባትሪ አበርተው ሒሳባቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፥ ይህ ነገር አይሰለችዎትም?» አልናቸው።

«ምን ይሰለቸኛል፥ የእኔ ልጅ? እዚህ ብርድ ልብሱ አይበላሽም» አሉ። «ፊት የነበርኩበት ሌላ ነበር።»

ወደ ጄፒ ከመምጣታቸው በፊት በአንድ የማዕድን ከተማ ለስድስት ዓመት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ በር ቀጥታ የማዕድኑ ማማ ይታያል፤ በማማው ራስ ላይ የአሳንሰሩ ገመድ የሚጠመጠምበት ትልቅ ጎማ አለ። ጎማው ሲዞር ሰው ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል። መብራት በጠፋ ቍጥር እርሳቸው ማቀዝቀዣው ውስጥ ስላለው ወተት ሲጨነቁ ዕቃ የሚገዙት ሴቶች ግን እንጀራቸውንም ዳቦአቸውንም ትተው ወደ በሩ ይሄዳሉ።

«አንደኛዋ ሁልጊዜ እንቁላል የምትገዛኝ ነበረች» አሉ። «አንድ ቀን ገንዘቡን በእጄ ሰጥታኝ መልሱን ሳትቀበል ወጣች። ሄጄ ልሰጣት አልኩ፤ እርሷ ግን አላየችኝም። ወደ ማማው ነው የምታየው። አጠገቧ ቆሜ እኔም አየሁ። ጎማው ቆሟል። የሷ ሰውዬ ታች እንደ ነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስድስት ዓመት እንቁላል ስሸጥላት አላውቅም ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆምን። ሌሎችም መጡ። የሚናገር የለም። ፀሐዩ ነበር፤ ወንበር አውጥቼ ሰጠኋት፥ አልተቀመጠችም። ስንት ሰዓት እንደ ቆየ እንጃ፤ ለእኔ ረጅም ነበር። በኋላ ሱቁ ውስጥ ማቀዝቀዣው ዝ… ብሎ ተነሣ። ዘወር ብዬ እርሱን ሳይ፥ እርሷ ክንዴን ያዘችኝ። ጎማው ሊዞር ጀምሯል።»

እዚህ ላይ ሁለት ደንበኞች ገቡና የልጅ ጃኬት ዋጋ ጠየቁ። ሰውየው የእጅ ባትሪውን ለእኛ አቀብለው «ያዝልኝ እስቲ፥ ቀለሙን ይዩት» አሉን። ጃኬቱን እስኪመርጡ ድረስ ብርሃኑን ይዘን ቆምን።